የቤታችሁን ግምት የሚያዘገየው ማን ነው?

ውድ እናቶችና እህቶች፣ ስለ ቤት ግምት ሲነሣ «ይህስ የወንዶች ጉዳይ ነው» ብላችሁ ገጹን ለመግለጥ ትቸኩሉ ይሆናል። ጥቂት ታገሡኝ። ለባንክ ብድር ቤት በመያዣነት ሲቀርብ፣ ገማቹ መሐንዲስ በሥራ ሰዓት መጥቶ በር ሲያንኳኳ የሚከፍትለት ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ እመቤቲቱ ናት። ካርታውና ደረሰኙ የት እንደተቀመጠ የሚያውቀው ደግሞ ባልየው ነው። እኔ እንደታዘብኩት ከሆነ የግምት ሥራ የሚጓተተው ከመሐንዲሱ ሜትር ይልቅ በዚሁ ክፍተት ነው።

ደብረ ማርቆስ የምትኖር አክስት አለችኝ። ከቤቷ ጎን የእህል ወፍጮ ለመትከል አስባ ከአንድ ባንክ ብድር ጠየቀች። ምሥራቅ ጎጃም የጤፍ አገር መሆኑ የታወቀ ነው። አዲሱ እህል ሲገባ ወፍጮ ያለው ሰው እንቅልፍ የለውም። አሮጌ ወፍጮውን ሊሸጥላት የተስማማው ሰውም ከኅዳር ወር በላይ እንደማይጠብቃት አስታውቋታል።

ገማቹ በመጣ ዕለት እኔም እዚያው ነበርኩ። ከኪራይ ክፍሎቹ አንዱ ተቆልፏል፤ ተከራዩ መምህር ቁልፉን ይዞ ሞጣ ሄዷል። ካርታው በባሏ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ሹፌሩ ባሏም ከነሳጥኑ ቁልፍ መንገድ ላይ ነው።

«ልጄ፣ ክፍሉ እንደዚህኛው ነው፤ በመስኮት እየው» አለችው።

«እናቴ፣ ያላየሁትንና ያልለካሁትን እንዴት አድርጌ እጽፋለሁ?» ብሎ የተፈላውን ቡና እንኳ ሳይቀምስ ሄደ። ሁለተኛው ቀጠሮ የተገኘው ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ነው።

በመሐንዲሱ አልፈርድም። በባንኩ ግን እፈርዳለሁ። ለአክስቴ የነገሯት «ሰነድ አሟልተሽ ቅረቢ» የሚል ቃል ብቻ ነው። የትኛውን ሰነድ? የሚያስፈልገውን በአንድ ወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ምን ያህል ወጪ ነበረው?

በነገራችን ላይ፣ ሜትር የያዘ ሰው ግቢ ውስጥ ሲዞር ያዩ አንድ ጎረቤት አዛውንት ፊታቸው ተለዋውጦ ነበር። አይፈረድባቸውም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የገበሬው ምርት በግምት ይተመን ስለነበረና የርስት መሬት ሊለካ ነው የሚል ሥጋት ስላደረ፣ ጎጃም በዐመፅ ተነሥቶ መንግሥት ጦር እስከ ማዝመት መድረሱ አይዘነጋም። «ገማች» የሚለው ቃል በዚህ አገር ሽማግሌዎች ጆሮ ቀላል አይደለም። የዛሬው ገማች ግን የሚመጣው በእናንተው ጥያቄ ነው፤ ግቢውን ደብቆ ማሳየት ጉዳቱ ለባለቤቱ ነው።

ለመሆኑ የሚገምተው ምኑን ነው? ከ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወዲህ መሬት የግል አይደለም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን አጽንቷል። ባንኮች እንደየመመሪያቸው የቦታውን አቀማመጥ ቢያመዛዝኑም፣ ዋናው የሚታየው ቤቱ ነው። መሠረቱ፣ ግድግዳው ብሎኬት ይሁን ባህር ዛፍና ጭቃ፣ ወለሉ ሊሾ ይሁን ጣውላ፣ ኮርኒሱ፣ ቆርቆሮው፣ በርና መስኮቱ፣ ማድ ቤቱ፣ ሽንት ቤቱ፣ አጥሩ ሁሉ ይመዘገባል። ከዚያም ስለ ዕድሜው ይቀነሳል። ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት የተከራዩን ቁልፍ ተቀበሉ፤ የዕቃ ቤቱን ማዕዘን የሸፈነውን ጆንያ አንሡ፤ ቤቱ የተሠራበትን ዓመት የሚያሳይ የግንባታ ፈቃድና ፕላን ካለ ከካርታውና ከዘመኑ የግብር ደረሰኝ ጋር አብራችሁ አስቀምጡ። ያለ ፈቃድ የተቀጠለ ክፍል በግምቱ ላይገባ እንደሚችል፣ አጥሩም ከካርታው ልክ አልፎ ከተገኘ ጥያቄ እንደሚያስነሣ አስቀድማችሁ ዕወቁ። ይህን ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ማጣራት የሚሻለው ገማቹ ሳይመጣ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያዘገየው የጋብቻ ወረቀት ነው። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ሆነ የአማራ ክልል የ1995ቱ የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነ ቤት ያለ ሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት በመያዣ እንዳይሰጥ ይከለክላሉ። ካርታው በባል ስም ብቻ መሆኑ ቤቱን የባል ብቻ አያደርገውም። ባንኩ የጋብቻ ማስረጃ የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው። ያላገባች ያለማግባት ማስረጃ ትጠየቃለች፤ ባሏ የሞተባት የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ማውጣት አለባት። ፍርድ ቤት ደግሞ የራሱ ቀጠሮ አለው፤ ከብድሩ ማመልከቻ ቀድማችሁ ጀምሩት።

ማፋጠን ሲባል ግን «ቶሎ ፈርሚና እንሂድ» ለሚል ባል ሳያነቡ መፈረም ማለት አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት፣ ዕዳው በጊዜው ካልተከፈለ ባንኩ የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ቤቱን በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። ልጆቻችሁ የሚያድሩበት ጣሪያ ነውና አንድ ቀን ቢዘገይም አንብቡ፤ ማንበብ የማትችሉ የምታምኑት ሰው ያንብብላችሁ። ለገማቹም ቡና ማፍላት ወጋችን ነው፤ «ለነዳጅ» እየተባለ ያለ ደረሰኝ የሚሰጥ ገንዘብ ግን ወግ አይደለም። ያን የለመደ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ሳይቀበል አይመጣም።

ግምቱ ሲያልቅ የክፍሎቹን ብዛትና ስፋት ጠይቃችሁ ተመልከቱ። በአክስቴ ወረቀት ላይ ማድ ቤቱ ተዘልሎ ተገኝቷል፤ ያየችው ራሷ ናት፤ በማግስቱም ተስተካከለላት። ብድሩ የተፈቀደው በታኅሣሥ አጋማሽ ነው። ሻጩ ወፍጮውን ለደጀን ሰው ሸጦት ቆየ። ሌላ ያገኘችው በየካቲት ነው፤ ያን ጊዜ የሰፈሩ ሰው ጤፉን ሌላ ቦታ እያስፈጨ ነበር።