ወዳጅ የመሰሉ ቃላት

አጎቴ አሜሪካን አገር በገቡ በሦስተኛው ቀን ጧት ከመታጠቢያ ቤት የወጡት እጃቸውን እያራገፉ ነበር። ወሩ ጥር ነው፤ ውጭው በበረዶ ተሸፍኗል። «አንተ ልጅ፥ የዚህ አገር ቧንቧ ይዋሻል እንዴ? ‹ካልዶ› ብሎ ጽፎ በረዶ ያፈሳል!» አሉኝ። ሄጄ ባይ እጀታው ላይ የተቀረጸችው አንዲት የላቲን ፊደል ናት፤ «ሲ»። በእንግሊዝኛ «ኮልድ»፥ ማለትም ቀዝቃዛ ለሚለው ቃል የቆመች ናት። በጣሊያንኛ ግን ያችው ፊደል የ«ካልዶ»፥ የሙቁ ምልክት ናት፤ ቀዝቃዛው የሚታወቀው «ፍሬዶ» ተብሎ በ«ኤፍ» ነው። አጎቴ የላቲንን ፊደል የለዩት ከጣሊያኖች ስለሆነ ያነበቡት በትክክል ነበር። የተለወጠው ፊደሉ ሳይሆን ፊደሉ የቆመበት አገር ነው።

እኚህ ሰው በ1960 ዓ.ም.፥ በአሥራ ሁለት ዓመታቸው፥ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጣሊያናዊ ጋራዥ ተቀጥረው ቱታ ለበሱ። ትምህርት ቤታቸው ያ ጋራዥ ነው። ካቻቢቴ፥ ዳዶ፥ ብሎን፥ ቺንጋ፥ ኩሽኔታ፥ ፍሪሲዮን፥ ካምቢዮ እያሉ ሙያውንም ቋንቋውንም አንድ ላይ ለመዱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከአለቃቸው ጋር በጣሊያንኛ መሟገት ጀመሩ፤ የጣሊያን ጋዜጣም ማንበብ ቻሉ። እንግሊዝኛ ግን አልደረሳቸውም። እንግሊዝኛ የተማሪ ቤት ልጆች ቋንቋ ነበር።

የምንኖረው ከኮለምበስ ከተማ ሰሜን ምሥራቅ፥ ሚነርቫ ፓርክ በምትባል ትንሽ መንደር ነው። መንደሯ ስሟን የወረሰችው እ.ኤ.አ. በ1895 እዚሁ ተከፍቶ ከነበረ የመዝናኛ ሥፍራ ሲሆን፥ ራሷን የቻለች መንደር ሆና የተመዘገበችው በ1940 ነው። ሚነርቫ ማለት የጥንት ሮማውያን የጥበብ አምላክ እንደ ነበረች ስነግራቸው፥ አጎቴ ራሳቸውን ነቅንቀው «ይኸውልህ! እዚህም ጣሊያን ቀድሞን ደርሷል» አሉ።

የአጎቴ ልጅ ሆስፒታል ውስጥ በፈረቃ ስለምትሠራ የማስተማሩ ኃላፊነት በእኔ ላይ ወደቀ። ያን ጊዜ ገና የመጀመሪያ ዲግሪዬን እማር ነበር። ነገሩ ቀላል መሰለኝ። በየቅዳሜው ሃያ የእንግሊዝኛ ቃል በግራ፥ የአማርኛ ፍቺውን በቀኝ እጽፍላቸዋለሁ፤ እርሳቸው ይሸመድዳሉ፤ እኔ እጠይቃለሁ። እኔ ራሴ የተማርሁት እንዲህ ነበርና። በቀጣዩ ቅዳሜ ከሃያው ሦስቱ ይቀራሉ፤ በሌላው ቅዳሜ ሦስቱም የሉም። እኔ ይህን የእርጅና ጉዳይ አድርጌ ቆጠርሁት። መምህር ሲደክም ጥፋቱን በተማሪው ላይ መጣሉ የቆየ ልማድ ነው።

እውነቱ ሌላ ነበር። አጎቴ ባዶ ማሰሮ አልነበሩም፤ ሙሉ ነበሩ። እያንዳንዱ አዲስ ቃል ሲገባ ውስጥ የሚጠብቀው የጣሊያን ዘመድ አለው፤ ዘመዱም አንዳንዴ እውነተኛ፥ አንዳንዴ ሐሰተኛ ነው። አንድ ቀን ክሊቭላንድ ጎዳና ላይ «ፋብሪክ» የሚል ማስታወቂያ አይተው ሥራ ሊጠይቁ ገቡ። የጠበቃቸው ፋብሪካ ሳይሆን የብትን ጨርቅ መደብር ነበር። በሌላ ጊዜ ወደ «ላይብረሪ» እንሂድ ብላቸው «ገንዘብ የለኝም» ብለው እምቢ አሉ፤ በጣሊያንኛ «ሊብሬሪያ» መጽሐፍ የሚሸጥበት ሱቅ ነውና። መጽሐፉ በነጻ እንደሚዋስ ለማሳመን መሐል ከተማ ወዳለው ዋና ቤተ መጻሕፍት ወሰድኋቸው። ሕንጻው እ.ኤ.አ. በ1907 በካርኔጊ ገንዘብ የተሠራ ሲሆን፥ ከበሩ በላይ «ለሁሉም ክፍት ነው» የሚል ቃል በእንግሊዝኛ ተቀርጾበታል። አጎቴ ከጽሑፉ ሥር ቆመው ቃሎቹን አንድ በአንድ አስነበቡኝ፤ ከዚያ በኋላ ያን ሐረግ አልረሱትም።

ይህ ችግር የጣሊያንኛ ተናጋሪዎች ብቻ አለመሆኑን ያስተዋልሁት በዚያ ሰሞን ነው። እኛ ጣሊያንኛ አናውቅም የምንለው ሰዎች ራሳችን ግማሽ መንገድ ጣሊያኖች ነን። መኪና፥ ጎማ፥ ፋብሪካ፥ ቦርሳ፥ ካልሲ፥ ሲሚንቶ፥ ፌርማታ፥ ታርጋ፥ ቦሎ ስንል የምንናገረው በማን ቃል ነው? ፒያሳና መርካቶን እንተዋቸው፤ ካዛንቺስ እንኳ የጣሊያን መንግሥት ሠራተኞችን የመኖሪያ ቤት ያሠራ የነበረው መሥሪያ ቤት ምሕጻረ ስም ነው። ስለዚህ አንድ አበሻ «ፊርማ» ብሎ ለምዶ «ፈርም» የሚለውን እንግሊዝኛ ሲያይ ኩባንያ መሆኑ አይታየውም፤ ብዕሩን ነው የሚያወጣው።

ሆኖም የሐሰተኞቹ ዘመዶች ጩኸት እውነተኞቹን እንዳንሰማ ማድረግ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ ወዲህ የፍርድ ቤቱ፥ የቤተ መንግሥቱና የምሁሩ ቃል ከፈረንሳይኛና ከላቲን እየጎረፈ ገባ። የማጀቱና የእርሻው ቃል ግን በአብዛኛው የጥንቱ እንደ ሆነ ቀረ። ከዚህ የተነሣ ለጣሊያንኛ አዋቂ ከባዱ ቃል ቀላል፥ ቀላሉ ቃል ከባድ ነው። አጎቴ «ኮንስቲትዩሽን»፥ «ሊበርቲ»፥ «ጀስቲስ» የሚሉትን ገና ሲያዩ ያውቋቸዋል፤ «ኮስቲቱሲዮኔ»፥ «ሊበርታ»፥ «ጁስቲሲያ» ናቸዋ። «ሹ»፥ «ስፑን»፥ «ናት» ሲባሉ ግን ግራ ይጋባሉ። የሕግ ሰው ቃል እያወቁ የጫማ ስም የሚጠፋባቸው መካኒክ!

ይህን ካወቅሁ በኋላ ዝርዝሩን ቀደድሁት። ትምህርቱ ከጠረጴዛ ወደ መኪናው ሥር ወረደ። ሞተሩ ተከፍቶ፥ «ናት» የሚለው ቃል ዳዶውን በጣት ይዘው የሚናገሩት ሆነ፤ «ቤልት» ቺንጋው ሲላላ፥ «ክላች» ፍሪሲዮኑ ሲቃጠል የሚሸት ቃል ሆነ። በክሊቭላንድ ጎዳና በሚመላለሰው አውቶቡስ ስንሄድ ማስታወቂያዎቹን እናነባለን። ከእለታት አንድ ቀን ከአንድ ሶማሌ ሽማግሌ ጋር ተቀመጥን። ኮለምበስ በአሜሪካ ከሚገኙት ትልልቅ የሶማሌ ማኅበረሰቦች የአንዱ መኖሪያ ናት። ሁለቱ ሽማግሎች በአማርኛም በሶማልኛም በእንግሊዝኛም መግባባት አቃታቸው። በመጨረሻ ሶማሌው ስለ ምሳቸው ሲያወሩ «ባስቶ»፥ «ፋርማጆ» የሚሉ ቃላት ከአፋቸው ወጡ፤ አጎቴ «ፓስታ! ፎርማጆ!» ብለው ጮኹ። የአንድ ቅኝ ገዥ ፍርፋሪ ለሁለት ጎረቤቶች ማዕድ ሆነ። ይህን እያየሁ ማዘን ይሁን መሳቅ እንዳለብኝ ለመወሰን ቸግሮኝ ነበር።

የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ነኝና ነገሩ ወደ ውጫሌ ወሰደኝ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል፥ በአንቀጽ 17፥ አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል፤ ጣሊያንኛው ደግሞ «ኮንሴንቴ» አለ፤ ተስማምተዋል፥ ፈቅደዋል እንደ ማለት። ሮማም ይህን ይዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ብላ ለዓለም አወጀች። ይህን ለአጎቴ ስተርክላቸው ጥቂት አሰቡና «ታዲያ ዓድዋ ላይ ትርጉሙ ታረመ በለኛ» አሉኝ። በክፍል ውስጥ ስለ ውጫሌ ከሰማሁት ሁሉ ይህ አጭሩና የማይረሳው ሆኖ ቀረ። ቃል ብቻውን አይቆምም፤ ማን ተናገረው፥ ለማን፥ በምን ኃይል የሚለው ሁሉ ፍቺው ነው።

ይህን ትምህርት ግን በሚገባ የተማርሁት በቤቴ፥ በገዛ አጎቴ ነው።

አምስቱ ዓመት ሞልቶ የዜግነት ማመልከቻ የሚያስገቡበት ጊዜ ደረሰ። በእንግሊዝኛ ከመፈተን ነጻ የሚሆኑት ዕድሜያቸው 55 ሞልቶ 15 ዓመት በቋሚ ነዋሪነት የኖሩ፥ ወይም 50 ሞልቶ 20 ዓመት የኖሩ ናቸው። አጎቴ ዕድሜው እንጂ ዓመቱ የላቸውም፤ ስለዚህ በእንግሊዝኛ ማንበብ፥ መጻፍና መመለስ ነበረባቸው። መርማሪው ከማመልከቻው ላይ ጥያቄ እንደሚያነሣ ስለምናውቅ ልምምድ ጀመርን። «የኮሙኒስት ፓርቲ አባል ሆነው ያውቃሉ?» ብዬ በእንግሊዝኛ ብጠይቃቸው «የስ! ፓርቲ ቬሪ ጉድ!» አሉ፤ የልጅ ልጃቸውን የልደት ድግስ አስታውሰው። ሳቅን። ቀጥዬ፥ በየትኛውም አገር ታስረው ወይም ተይዘው ያውቁ እንደሆነ የሚጠይቀውን አነበብሁ። «አሬስትድ» የሚለውን አለፉት። «ዲቴይንድ» ስል ግን ቀና አሉ። «‹ዴቴኑቶ› ነው?» አሉኝ። አዎን አልሁ። ድሮ መለዋወጫ ጠፍቶ ወራት ጋራዥ ውስጥ የሚከርመውን መኪና አለቃቸው «ዴቴኑታ» ይሉት እንደ ነበር ነገሩኝ። ከዚያ ዝም አሉ። ዝምታው ረዘመ።

«እኔም ከርሜአለሁ» አሉ በመጨረሻ።

በ1970 ዓ.ም. በአንድ ስብሰባ ላይ ተነሥተው «እኛ ላብ አደሮች» ብለው ንግግር ጀመሩ። የተናገሩት ስለ መለዋወጫ እጥረት ብቻ ነበር። በዚያው ሌሊት መጥተው ወሰዷቸው። እንደሚታወቀው በዚያ ዘመን «ላብ አደር» የኢሕአፓ፥ «ወዝ አደር» የመኢሶን ቃል ነበር፤ መንግሥትም ይህንኑ ሁለተኛውን ወሰደ። አንዲቷን ቃል መምረጥ ወገን መምረጥ ነበር። እኔ ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ ነው፤ በሴሚናር ላይ ቀልድ መሳይ አድርጌም አውርቼው ነበር። አጎቴ ግን ሰባት ወር በቀበሌ እስር ቤት ከረሙበት። ስንቅ ታመላልስ የነበረችው የአሥራ አራት ዓመት ልጅ እናቴ ናት፤ እርሷም ነግራኝ አታውቅም። ከእርሳቸው ጋር ከገቡት መካከል ሁለቱ አልወጡም።

«ጋሼ፥ ለምን ‹ወዝ አደር› አላሉም ታዲያ?» አልኋቸው። አሁን ሳስበው የሞኝ ጥያቄ ነበር።

«ወዝ የማውቀው የፊት ነው፤ ላቤን ግን አውቀዋለሁ» አሉኝ።

ማመልከቻውን በተመለከተ አንድ ወዳጃችን «ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ወረቀት የለው፥ ፍርድ የለው፤ ‹ኖ› ብለው ይለፉት» ሲል መከራቸው። አልሸሽግም፥ እኔም ልቤ ወደዚያው አዘንብሎ ነበር። ሂደቱ እንዳይጓተት ፈራሁ። አጎቴ እኔን እንጂ እርሱን አላዩም። «ልጄ፥ ያን ጊዜ የማላውቀውን ቃል ተናግሬ ታሰርሁ። አሁን ደግሞ የማውቀውን ቃል ክጄ ዜጋ ልባል?» አሉ። «የስ» በሚለው ላይ ምልክት አደረግን፤ ማብራሪያውን እርሳቸው በአማርኛ እየነገሩኝ እኔ በእንግሊዝኛ ጻፍሁት። ጽሑፉ ግማሽ ገጽ አልሞላም። በሕይወቴ ከጻፍሁት ሁሉ ከባዱ ግን እርሱ ነው።

በምርመራው ቀን ውጭ መኪና ውስጥ ጠበቅኋቸው። ሲወጡ የሆነውን ተረኩልኝ። መርማሪዋ ጥያቄውን ደርሳ «‹ዲቴይንድ› ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ?» አለቻቸው። የመለሱት እንዲህ ነበር፦ «ዶር ክሎዝ። ኖ ጃጅ። ኖ ፔፐር። ሰቨን መንዝ።» ሴትዮዋ ብዕሯን አስቀምጣ ጥቂት ቆየች፤ ከዚያም «አዎን፥ ትርጉሙ ያ ነው» አለች። የማንበቡንም የመጻፉንም ፈተና አልፈዋል። ይህን በምጽፍበት ሰዓት የመሐላው ቀን እየተጠበቀ ነው።

አጎቴ ትንሽ ደብተር አላቸው፤ በሦስት ረድፍ የተሰመረ፤ ጣሊያንኛ፥ እንግሊዝኛ፥ አማርኛ። በቀደም ገልጬ አየሁት። «ካልዶ» ከሚለው አጠገብ የቧንቧ ሥዕል አለ። «ዴቴኑቶ» ከሚለው አጠገብ፥ በአማርኛው ረድፍ፥ ቃል የለም። 1970 የሚል ቁጥር ብቻ ተጽፏል።

ወገኖቼ፥ በየማኅበራችን ለወላጆቻችን የቋንቋ ትምህርት እናቋቁም ስንል ብዙ ጊዜ የምንጀምረው ከፊደልና ከቃላት ዝርዝር ነው፤ የማያውቁ ሰዎችን እናሳውቃለን ብለን። እኔም እንዲያ ጀምሬ ነበር። አሁን ግን የምለው ይህን ነው፦ መጀመሪያ እንጠይቃቸው። አንዱ አረብኛ ከሱዳን፥ ሌላው ጣሊያንኛ ከጋራዥ፥ ሌላዋ ግእዝ ከቤተ ክርስቲያን ይዘው መጥተዋል። ቃሉን በሚያውቁት ነገር ላይ እናኑርላቸው፤ በእጃቸው ላይ፥ በሙያቸው ላይ። ነገር ግን ስንጠይቅ ለመስማትም እንዘጋጅ። አንድን ቃል ከነአገባቡ የሚያስተምር ሰው፥ አገባቡ ከየት እንደሚጀምርና የት እንደሚያደርሰው አስቀድሞ አያውቅምና።