ጣርማ በር በምሽት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚያመራ መንገደኛ፣ እስከ ደብረ ብርሃን ያለው 130 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የዋህ መስሎ ይታየዋል። ሰንዳፋን አልፎ በቅቤው ስሙ የታወቀውን ሸኖን፣ ቀጥሎም ጫጫን ሲያቋርጥ ግራና ቀኙ የገብስና የባቄላ ማሳ፣ በጎች የተሰማሩበት መስክ፣ በባሕር ዛፍ የተከበበ የገበሬ ቤት ነው። መንገዱ አብዛኛው ሜዳ ለሜዳ ስለ ሆነ ሾፌሩ ይዝናናል፤ ተሳፋሪውም ያንቀላፋል። በቀን ብርሃን ሲታይ፣ ከዚህ ሜዳ ላይ ምን አደጋ ይመጣል ያሰኛል።

ነገር ግን ያው መንገድ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል በኋላ ሌላ መንገድ ነው። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆነች፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ብርሃኑ ብዙ አይቆይም፤ ወዲያው ይጨልማል። በዚህ ሰዓት ደግሞ መንገዱ ባዶ አይደለም። ከገበያ የሚመለሱ እናቶች፣ በጎቹን ወደ በረት የሚነዳ እረኛ፣ ጭነት የተሸከሙ አህዮች፣ ደብተሩን በብብቱ የያዘ ተማሪ፣ ሁሉም የአስፋልቱን ዳር ይዘው ወደየቤታቸው ይጓዛሉ። ለእግረኛ የተለየ መሄጃ በሌለበት ገጠር አስፋልቱ የጎማ ብቻ ሳይሆን የእግርም መንገድ ነው። የሌሊት አደጋ አንዱ ትልቅ ምንጭ ይህ ነው፤ ይኸውም እኩል የማይተያዩ ሁለት መንገደኞች በአንድ መንገድ ላይ መገናኘታቸው ነው።

እኩል አይተያዩም ማለታችን ምንድን ነው? እግረኛው የመኪናውን መብራት ገና ከሩቅ ያያል። ብርሃኑ ፊቱ ላይ ሲያርፍም «እኔ እንዳየሁት እርሱም አይቶኛል» ብሎ ያምናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የመኪና አጭር መብራት ጥቁር ልብስ የለበሰን ሰው ለሾፌሩ ዐይን የሚገልጠው ብዙ ጊዜ 30 ሜትር ያህል ሲቀረው ነው። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ይሄዳል። ሾፌሩ አይቶ እግሩን ፍሬኑ ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሴኮንድ ቢፈጅበት፣ መኪናው ፍሬን ሳይነካው 22 ሜትር አልፏል። ከዚያም በደረቅ አስፋልት ላይ እስኪቆም ከ30 ሜትር በላይ ይፈልጋል። ድምሩ ከ50 ሜትር በላይ ይሆናል፤ ሰውየው የታየው ግን በ30 ሜትር ላይ ነበር። ያው መኪና በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ኖሮ 20 ሜትር ገደማ ላይ በቆመ ነበር።

እንግዲህ የሌሊት ፍጥነት ልኩ በሾፌሩ ችሎታ ወይም በሞተሩ ጉልበት አይቆረጥም፤ መብራቱ በሚያሳየው ርቀት ነው። መንገዱ ባዶ ሲሆን ረጅሙን መብራት ማብራት ይገባል፤ ከፊት ሌላ መኪና ሲመጣ ግን ቶሎ ማሳጠር ያስፈልጋል። በመብራት የተወጋ ዐይን ወደ ቦታው እስኪመለስ ጥቂት ሴኮንዶች ይፈጅበታል፤ በእነዚያ ሴኮንዶች ውስጥ መኪናው የሚሄደው በዕውር ድንብር ነው። ብርሃን ሲመጣበት ዐይኑን ወደ ቀኙ የአስፋልት ጠርዝ መልሶ ፍጥነቱን የሚቀንስ ሾፌር ጨዋ ሾፌር ነው።

እግረኛውም የራሱ ድርሻ አለው። በዚህ ብርዳም አገር ጋቢ የሌለው ሰው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ብዙው ሰው ጋቢውን ከሥር አድርጎ ጥቁር ካፖርት ከላይ ይደርባል። ሲመሽ ነጩ ከላይ ቢሆን ያለ አንዳች ወጪ ከሩቅ ይታያል። ጋቢ የሌለው ተማሪ ነጭ ነጠላ ወይም ነጭ ከረጢት በትከሻው ላይ ጣል ቢያደርግ ይበጀዋል፤ ብርሃን መልሶ የሚያንጸባርቅ ቁራጭ ጨርቅ ካገኘማ ከ100 ሜትር በላይ ይታያል። ሁለተኛው ነገር የመሄጃው ወገን ነው። ከሰኔ 1956 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን መኪና የሚነዳው በቀኝ በኩል ስለ ሆነ፣ እግረኛ በግራው ጠርዝ ሲሄድ የሚቀርበው መኪና ከፊቱ ይመጣበታል፤ አይቶም ዘወር ሊል ይችላል። በቀኝ ቢሄድ ግን አደጋው ከጀርባው ይመጣል። ብዙ ሆነው ሲሄዱ ጎን ለጎን ከመሰለፍ ተከታትሎ መሄድ ይሻላል። የእጅ ባትሪ ወይም የስልክ መብራት የያዘም ወደ ሾፌሩ ዐይን ሳይሆን ወደ እግሩ ሥር ያብራ።

ደብረ ብርሃን ሲደረስ የመንገደኛው ፈተና ይጀምራል። በአንድ ምሽት ጎማ ፈንድቶበት የዘገየ አውቶቡስ እዚያ ሲደርስ ጨልሞ ነበር። ሾፌሩ «ዛሬ እዚሁ እናድራለን» ቢል ተሳፋሪው አጉረመረመ። ከሁሉ ይልቅ ያዘነው ወደ ኮምቦልቻ የተዛወረ አንድ ወጣት ጸሐፊ ነበር።

«ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ሥራ ካልገባሁ አለቃዬ ምን ይለኛል? አዲስ ሰው ነኝ እኮ» አለ።

ሾፌሩም ሻዩን ፉት ብሎ፣ «ልጄ፣ አለቃህ ቢቆጣ አንድ ቀን ይቆጣል። እኔ ጣርማ በርን ሌሊት በጉም ውስጥ አውቀዋለሁ። አንተን በሰዓቱ ለማድረስ ብዬ ይህን ሁሉ ሰው ገደል አፍ ላይ አልወስድም» ሲል መለሰለት።

ወጣቱ ዝም አለ። ሾፌሩ ፈሪ እንዳልሆነ የሚያውቅ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን አገር ያየ ሰው ነው።

ከደብረ ብርሃን ወዲያ መንገዱ ወደ ጣርማ በር ይወጣል፤ ከፍታውም ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ የነበረው የኢጣልያ የመኪና ሠራዊት፣ እዚህ ላይ መንገዱ ፈርሶ ስለ ቆየው ለመቆም ተገዷል። በኋላም በወረራው ዘመን ተራራው ተሰርስሮ ዋሻው ተሠራ። ከቆላው የሚነሣው እርጥብ አየር ገደሉን ታክኮ ሲወጣ ስለሚቀዘቅዝ፣ ጣርማ በር ብዙ ጊዜ ጉም ይለብሳል። በጉም ውስጥ ረጅም መብራት የሚያበራ ሾፌር ብርሃኑ ተመልሶ ዐይኑን ይመታዋል፤ ከፊቱ ነጭ ግድግዳ የቆመ ይመስለዋል። መድኃኒቱ አጭሩን መብራት አብርቶ፣ ፍጥነትን ቀንሶ፣ የቀኙን ጠርዝ እያዩ መሄድ ነው። የፊተኛውን መኪና የኋላ መብራት ብቻ አምኖ መከተል ግን፣ እርሱ ከሳተ አብሮ መሳት ነው።

በዚህ አገር የቆየ አንድ ልማድም አለ። መኪና ሲበላሽ ረዳቱ ወርዶ ለማስጠንቀቂያ ድንጋይና ቅጠል በአስፋልቱ ላይ ይደረድራል። አሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩ እዚያው ይቀራል። ትናንት ሰውን ያስጠነቀቀ ድንጋይ ዛሬ ሌሊት ሌላውን ይገለብጣል። የሚያንጸባርቀውን ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት መጠቀም፣ እርሱ ከሌለም ድንጋዩን ሳያነሡ አለመሄድ የወንድማማችነት ግዴታ ነው።

ዋሻውን ካለፉ በኋላ ቁልቁለቱ ይጀምራል። መንገዱ በደብረ ሲና በኩል እየተጠማዘዘ ወርዶ፣ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ጉዞ ውስጥ ከ1,700 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ሸዋ ሮቢት ይደርሳል። በዚህ ቁልቁለት ፍሬን ብቻ እየረገጡ መውረድ ፍሬኑን ያግለዋል፤ የጋለ ፍሬንም ይከዳል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሾፌር ገና ከላይ ሳለ ከባድ ማርሽ ያስገባና ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝለት ያደርጋል። ተሳቢ የጫነ መኪና ከኋላው ሲመጣም ያሳልፈዋል እንጂ አይሽቀዳደምም። ከብርዱ ወጥቶ ቆላው ሙቀት ውስጥ መግባት ደግሞ እንቅልፍ ያመጣል። ለእንቅልፍ መድኃኒቱ ዳር ይዞ መተኛት ብቻ ነው፤ ዘፈን ከፍ ማድረግና መስኮት መክፈት ጥቂት ደቂቃ ያታልል እንደ ሆነ እንጂ አያድንም።

ተሳፋሪው በዚህ ሁሉ ውስጥ ተመልካች ብቻ ነውን? አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ በዓለም ላይ በዓመት 1 ሚሊዮን 190 ሺህ ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ለሆኑት ቀዳሚው የሞት ምክንያትም ይኸው ነው። ይህ የተማሪውና የወጣቱ ሠራተኛ ዕድሜ ነው። እንግዲህ ቀበቶ ካለ ማሰር፣ ከመነሣት በፊት የመንገዱን ሁኔታ መጠየቅ፣ ሾፌሩ ሲሮጥ ከጎረቤት ጋር ሆኖ «እባክህ ቀስ በል» ማለት፣ ይልቁንም «ቶሎ በል፣ መሸብን» እያሉ አለማጣደፍ የተሳፋሪው ሥራ ነው። አንድ ሰው ሲናገር ሾፌሩ ይቆጣ ይሆናል፤ አሥር ሰው ሲናገር ግን ያዳምጣል።

በደብረ ብርሃን አድሮ ማለዳ የተነሣ መንገደኛ ሌላም ትርፍ አለው። ጉሙ ሲገለጥለት ከጣርማ በር አፋፍ ላይ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ቢመለከት፣ የእርከን እርሻዎቹ ከሥሩ እንደ ደረጃ ተደርድረው፣ ከዚያም ወዲያ የቆላው ሜዳ በጭጋግ ተሸፍኖ ይታየዋል። ሌሊት ያለፈ ሰው ይህን ሁሉ ሳያይ ያልፋል፤ ያተረፈውም ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው።