የዐፅም ምስክርነት

ሞት ሀብታምና ድሃ አይለይም ይባላል። መታወስ ግን ይለያል። ባለርስቱ ስሙን በድንጋይ አስቀርጾ፣ የመሬቱን ድንበር በብራና አስጽፎ ያልፋል። መሬቱን ያረሰለት ገበሬ ግን አፈር ሲለብስ ስሙም አብሮት ይቀበራል። ታዲያ የዚህን ገበሬ ታሪክ ማን ይናገርለት?

በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሻየር ኮረብታዎች መካከል የሚገኘው ዎራም ፐርሲ የተባለ ጠፍ መንደር ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጥቷል። በ14ኛው መቶ ዓመት ወረርሽኝ የአገሩን ሕዝብ አሳሳው። ቆይቶም የበግ ጠጉር ከእህል ይልቅ ለባለመሬቶች ትርፍ በማስገኘቱ፣ በ16ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ገደማ የመጨረሻዎቹ ገበሬዎች ከቀዬአቸው ተነቅለው እርሻው ለግጦሽ ተለቀቀ። ቤቶቹ ፈርሰው ሣር በቀለባቸው። ከዚያ ዘመን ቆሞ የቀረው የቅዱስ ማርቲን አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እርሱም ዛሬ ጣሪያ የለውም።

የታሪክ ምሁሩ ሞሪስ ቤሬስፎርድና የአርኪዮሎጂ ባለሙያው ጆን ኸርስት የመሩት ጥናት እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 1990 ዘለቀ። በየዓመቱ በአገሩ የበጋ ወቅት በጎ ፈቃደኞች ለጥቂት ሳምንታት እየተሰበሰቡ ይቆፍሩ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑና ከቅጥሩ የ687 ሰዎች ዐፅም ወጣ።

መቃብር ሲቆፈር ጥድፊያ አይፈቀድም። አፈሩ በግንበኛ ማንኪያና በብሩሽ በስሱ እየተጠረገ ይነሣል። ዐፅሙ በተኛበት ይሣላል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ይመዘገባል። ትውልድ በትውልድ ላይ ስለሚቀበር የኋለኛው ጉድጓድ የፊተኛውን ቆርጦት ይገኛል፤ ማን ቀድሞ እንዳረፈ የሚታወቀው በዚሁ ነው። አንድ ጊዜ ከተነሣ በኋላ ስሕተቱን ማረም አይቻልም።

እነዚያ አጥንቶች የተናገሩት በባለርስቱ መዝገብ ያልሰፈረውን ነው። የልጆቹ ዕድሜ በጥርሳቸው፣ ቁመታቸው በረጃጅም አጥንቶቻቸው ተለክቶ ሲነጻጸር፣ የ10 ዓመቱ ልጅ ከዛሬው እኩያው በ20 ሳንቲሜትር ያህል ያጥር ነበር። እህል የሚያመርተው ገበሬ ልጁን አጥግቦ እንዳላሳደገ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይገኛል? በሕፃናቱ አጥንት ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሲመረመር ደግሞ እናቶቻቸው እስከ 18 ወር ገደማ ያጠቧቸው እንደነበር ታወቀ። ችግር በበዛበት ጎጆ የእናት ጡት የልጁ ጋሻ ነበር።

አንድ ሌላ ዐፅም ደግሞ ያስደንቃል። ዕድሜው 40 ዓመት ገደማ የነበረ ሰው ራሱን በከባድ ነገር ተመትቶ አጥንቱ ተሰብሯል። ነገር ግን ራስ ቅሉ በቀዶ ሕክምና ተከፍቶለት፣ ቁስሉ ሽሮ፣ ከዚያም በኋላ በሕይወት ኖሯል። እንዲህ ያለ ሕክምና የጌቶች ብቻ ይመስል ለነበረ ሁሉ፣ ይህ የገበሬ ራስ ቅል ሌላ ይናገራል።

ይሁንና ይህ ሁሉ እውቀት የተገኘው የሙታንን ዕረፍት በመንካት ነው። እነዚያ ሰዎች ራሳቸውን ወደ ምዕራብ፣ እግራቸውን ወደ ምሥራቅ አድርገው በአጥቢያቸው አፈር የተቀበሩት፣ የሚቀሰቅሳቸው አምላካቸው ብቻ እንደሆነ አምነው ነበር። ቆፋሪው ፈቃዳቸውን ሊጠይቅ አልቻለም። ስለዚህ ዕዳ አለበት። አጥንቱን በክብር መያዝ የዕዳው አንዱ ክፍል ነው፤ ያወቀውን በሳጥን ቆልፎ ሳያስቀር ለትውልድ ማስተማር ደግሞ ሌላው። ያን ካላደረገ፣ በሕይወት ሳለ ከመሬቱ የተነቀለውን ገበሬ ከመቃብሩም ነቅሎታል።