ውሻ የማይከተለው መንገድ፦ ከፎገራ ሜዳ እስከ ሰሜን ተራሮች

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሄደ የሚያገኛት ወረታ የሁለት መንገዶች መገንጠያ ናት፤ አንደኛው ጎንደርን አልፎ ወደ ደባርቅና ወደ ሰሜን ተራሮች ሲቀጥል፣ ሁለተኛው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በደብረ ታቦርና በጉና ተራራ ግርጌ በኩል ወደ ወሎ ይሻገራል። በሁለቱም አቅጣጫ የሚጠብቀው ደጋ ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ድንኳን ጭነው፣ ወይም አልጋና ማድቤት ያለው የጉዞ መኪና ተከራይተው፣ ውሻቸውን አስከትለው በየክፍለ ግዛቱ ፓርኮች ማደርን ለምደዋል፤ በእነዚያ ፓርኮች ውሻ በአጭር ማሰሪያ ተይዞ በእግረኛ መንገድ እንዲሄድ በአብዛኛው ይፈቀዳል። ይህን ልማድ ይዞ ወደ አገሩ የሚመለስ ሰው ውሻውን አስከትሎ በሰሜን ተራሮች ሳንቃበር ወይም ጨነቅ ላይ ድንኳን መትከል ቢያምረው ምኞቱ የሚያስነውር አይደለም፤ ሆኖም ውሻው ወደዚያ መውጣት የለበትም፤ ለምን እንደሆነ ደግሞ በዝርዝር መናገር ያስፈልጋል።

ከውሻ ጋር ሜዳ ላይ ማደር በወረታ ዙሪያ ላለው ለፎገራ ሜዳ ሰው ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም። ከጉና የሚነሡት ርብና ጉማራ ሜዳውን አቋርጠው፣ ክረምት ሲበረታም አጥለቅልቀው፣ ጣና ውስጥ ይገባሉ፤ ይህ ውኃ የፎገራን የከብት ዝርያ ያሳደገውን ግጦሽና ካለፉት አራት አሥርት ዓመታት ወዲህ ሜዳውን የሞላውን ሩዝ ይመግባል። እህል ሲደርስ ማሳ ጠባቂው በጎጆ ወይም በማማ ያድራል፣ ውሻውም ከሥሩ ይተኛል፤ ጅብም ሌባም ሲመጣ ቀድሞ የሚነቃው እርሱ ነው። እንዲህ ያለው ውሻ የሥራ ባልደረባ እንጂ የቤት ጌጥ አይደለም፤ ስለዚህ ከዚህ በታች የተጻፈው በውሻ ጥላቻ እንዳይተረጎም ያስፈልጋል። እዚያው ሜዳ ላይ እንኳ ጥንቃቄ የሚሻ ቦታ አለ፤ ወላላና ሸሸር የተባሉት ረግረጋማ ስፍራዎች የውኃ አዕዋፍ መዋያ በመሆናቸው፣ ሜዳውን በብስክሌት የሚዞር እንግዳ ውሻውን ወደ እነርሱ ባይለቅ ይመረጣል።

የደጋው ጉዳይ ግን ከዚህ እጅግ ይከብዳል። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በስተቀር በየትኛውም አገር የማይገኝ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ውርጫማ ምድር በአይጥና በፍልፈል የሚኖር እንስሳ ነው። ስሙ ቀበሮ ይባል እንጂ ዝምድናው ከተኩላና ከውሻ ጋር ነው፤ ሳይንሳዊ መጠሪያውም ከሰሜን ተራሮች ስም የተወሰደ ነው። በሕይወት ያሉት አዋቂዎች ከ500 አይበልጡም፤ አብዛኞቹ በባሌ ሲሆኑ፣ የቀሩት በአርሲ፣ በሰሜን፣ በወሎና በመንዝ ደጋዎች ተበታትነው ይኖራሉ። በጎጃም ጮቄ ተራራ የነበረው ዘሩ ጠፍቷል።

የችግሩ ሥር ከዚያው ዝምድና ይመነጫል። ቀይ ቀበሮ ከውሻ ጋር በጣም ስለሚቀራረብ፣ ውሻን የሚይዘው በሽታ እርሱንም ይይዘዋል። ከእነዚህ በሽታዎች ዋነኞቹ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው የእብድ ውሻ በሽታ ሲሆን፣ ቫይረሱ በንክሻ ከገባ በኋላ በነርቭ መንገድ ወደ አንጎል ይጓዛል፤ ከንክሻው እስከ ምልክቱ ድረስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ስለሚያልፉ ከቤቱ ሲነሣ ፍጹም ጤነኛ የሚመስል ውሻ በሽታውን ይዞ ሊወጣ ይችላል። ሁለተኛው ካናይን ዲስቴምፐር የተባለው፣ መተንፈሻን፣ አንጀትንና ነርቭን የሚያጠቃ በሽታ ነው፤ ይህኛው ንክሻ እንኳ አያስፈልገውም፣ በትንፋሽና በፈሳሽ ይተላለፋል። ቀይ ቀበሮዎች ቀን ቀን ለየብቻ ቢያድኑም በመንጋ የሚኖሩ፣ ማለዳና ማታ አፍ ለአፍ ተጠጋግተው ሰላም የሚባባሉ ናቸው፤ እርስ በርስ የሚያስተሳስራቸው ይህ ፍቅር በበሽታ ጊዜ የመንጋው ሁሉ ማለቂያ ይሆናል።

ባሌ ይህን ደጋግማ አይታለች። እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992፣ እንደገና በ2003 እና 2004፣ ከዚያም በኋላ የእብድ ውሻ በሽታ ተነሥቶ ብዙ ቀበሮዎችን ገድሏል፤ በ2003ቱ ወረርሽኝ በተመታው የወብ ሸለቆ ከሚኖሩት ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህሉ ሞተዋል። በ2005 እና 2006፣ በ2010 እና በ2015 ደግሞ የዲስቴምፐር ተራ ነበር። የበሽታው ምንጭ ከከብት ጋር ወደ ደጋ የሚወጡ የእረኞች ውሾች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ውሾችን ሲከትብ ቆይቷል፤ በ2018 ደግሞ ሥጋ ውስጥ የተደበቀ ክትባት ለቀበሮዎቹ ማብላት ጀምሯል። በደቡብ የታየው በሰሜን እንዳይደገም የሚከለክል አጥር የለም፤ እንዲያውም ሰሜን ያሉት ቁጥራቸው ያነሰ በመሆኑ አንድ ክፉ ዓመት ይበቃቸዋል።

በመንዝ ጓሳ የተደረገ ጥናት ያሳየው ነገር ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ልብ ይነካል። በዚያ ደጋ ቀይ ቀበሮ በሚግጡ ጭላዳ ዝንጀሮዎች መካከል እየተመላለሰ አይጥ ያድናል፤ ጭላዳዎቹ ግልገሎቻቸውን ይዘው ሳይሸሹ መጋጣቸውን ይቀጥላሉ፣ ቀበሮውም በመካከላቸው ሲሆን ለብቻው ከሚያድንበት ጊዜ ይልቅ ብዙ ይይዛል። ውሻ ሲመጣ ግን ጭላዳዎቹ ወደ ገደል ይሮጣሉ። ማሰሪያ ያለውና የሌለው፣ የተከተበና ያልተከተበ ብለው አይለዩም፤ ለእነርሱ ውሻ ውሻ ነው።

ስለዚህ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውበት በእግር፣ ከአስጎብኚና ከጠባቂ ጋር፣ ድንኳን ተክሎ የሚታይ ነው፤ ጎብኚው ጨነቅ ላይ ሲያድር ውሻው ቤት ይቆያል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት መንገዱን ከባድ አድርጎታል፤ እንዲህ ባለ ጊዜ የእንስሳት ክትባት ከሰው ችግር በኋላ የሚመጣ መምሰሉ አያስገርምም፤ ነገር ግን የእብድ ውሻ በሽታ ሰውንም፣ በተለይም ሕፃናትን ይገድላል። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶ ያህሉ ሲከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል፤ ይህ ቁጥር ከወረታ እስከ ደባርቅ ቢሞላ የሩዙ ማሳ ጠባቂ ልጅም ይድናል፣ ከላይ በደጋው ላይ አይጥ የሚያድነው ቀበሮም አያውቀውም እንጂ ይድናል።