በር ያለው ባሕር

ጨዋታችንን ከካርታ እንጀምር። የግሪክ ደቡባዊ ክፍል፣ ፔሎፖኔዝ የሚሉት ምድር፣ ጣቶቹን ወደ ባሕር የዘረጋ እጅ ይመስላል። በምዕራብ በኩል ያለውን ጣት ተከትላችሁ ወደ ታች ስትወርዱ፣ ጫፉ ጋ ሳትደርሱ፣ ናቫሪኖ የተባለውን የባሕር ወሽመጥ ታገኛላችሁ። ርዝመቱ 5 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ 3 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በስተምዕራብ ስፋክቴሪያ የምትባል ቀጭን ድንጋያማ ደሴት ከዳር እስከ ዳር ተጋድማ ክፍቱን ባሕር ትከልልለታለች። ለትልልቅ መርከቦች የሚሆነው መግቢያ በደቡብ በኩል ያለው ብቻ ነው፤ የሰሜኑ ጠባብና ጥልቀት የሌለው ስለሆነ ከትንንሽ ጀልባዎች በቀር አያሳልፍም። ውጭው በማዕበል ሲናወጥ ውስጡ ይረጋል። መርከበኛ የሚመኘው ይህንን ነው። የወሽመጡ መከራም የመጣው ከዚሁ ነው፤ ክፉ ነገር ከገባም በቀላሉ አይወጣምና።

በዳርቻው ያለችው ከተማ ፒሎስ ትባላለች። ስሟን ብዙዎቻችሁ የሰማችሁት በ2023 ሰኔ ወር ይሆናል (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። ከሊቢያ የተነሳችው የስደተኞች ጀልባ ሰጥማ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ያለቁት ከዚህች ከተማ ርቆ፣ በክፍቱ ባሕር ላይ ነበር። በሊቢያ በኩል ስንት የኛ ልጆች እንዳለፉና እንደቀሩ እናውቃለንና ፒሎስን አንስቶ እነዚያን ሰዎች ሳያስቡ ማለፍ አይቻልም። ነፍሳቸውን ይማር።

ወደ ወሽመጡ ልመልሳችሁ። ሆሜር የሚያነሳው የሽማግሌው ንጉሥ የኔስቶር ቤተ መንግሥት ነው ተብሎ የሚታመነው ፍርስራሽ ከዚህ ብዙ ሳይርቅ ኮረብታ ላይ ይገኛል። በ1939 አሜሪካዊው ካርል ብሌገን ቁፋሮ እንደጀመረ ጽሑፍ የተቀረጸባቸው የሸክላ ሰሌዳዎች አገኘ። ጸሐፊዎቹ ሰሌዳዎቹን በእሳት አልጠበሷቸውም ነበር፤ ጭቃው እንደደረቀ ይቀመጥ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1200 ገደማ ቤተ መንግሥቱ ሲቃጠል ግን እሳቱ ጠበሳቸውና ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ቆዩ። በ1952 ማይክል ቬንትሪስ ጽሑፉን ሲፈታው በሰሌዳዎቹ ላይ ባሕር ዳርቻውን እንዲጠብቁ የተመደቡ ሰዎች ዝርዝር ተገኘ። ቤተ መንግሥቱ የተቃጠለው ያ ዝርዝር ከተጻፈ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ነው። እኔ ይህን ሳስብ ሁሌም ይደንቀኛል፤ ጠባቂዎቹ ምን ሲመጣ አይተው ይሆን?

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ425 ደግሞ አቴናውያን በሰሜኑ መግቢያ አጠገብ ምሽግ ሠሩ፤ ስፓርታውያንም 420 ከባድ እግረኞችን ስፋክቴሪያ ላይ አሰፈሩ። የአቴና መርከቦች ደሴቷን ከበቡ። የታሪክ ጸሐፊው ቱሲዲደስ እንደሚነግረን ለተከበቡት ምግብ የሚያደርሱ ዋናተኞች ነበሩ፤ በማር የተለወሰ የፖፒ ፍሬና የተወቀጠ ተልባ በአቁማዳ እየጎተቱ ከውሃ በታች ይዋኙ ነበር። ተልባ በቤቱ የማይጠፋ አንባቢ ይህች ቦታ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም። ደሴቷ በጊዜው ጥቅጥቅ ያለ ደን ነበረባት። አንድ ወታደር ምግብ ሲያበስል ሳያስበው እሳት ለቀቀ፤ ነፋስ ተነሳና ደኑ ነደደ። ስፓርታውያኑ መሸሸጊያ አጡ። በመጨረሻ 292ቱ እጃቸውን ሰጡ፤ ስፓርታዊ ይሞታል እንጂ አይማረክም ይባል ስለነበር ግሪክ ሁሉ ጉድ አለ።

አሁን ለኛ ወደሚቀርበው ታሪክ እንምጣ። ግሪኮች በኦቶማን ቱርክ ላይ ሲያምፁ ሱልጣኑ የግብፁን ገዥ መሐመድ ዓሊን እርዳኝ አለው። መሐመድ ዓሊም ልጁን ኢብራሂም ፓሻን ከጦር ጋር ላከ። ኢብራሂም ፔሎፖኔዝን እያቃጠለ ሲያስጨንቅ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የሩሲያ መርከቦች በአድሚራል ኮድሪንግተን መሪነት ወደ ናቫሪኖ መጡ። የኦቶማንና የግብፅ መርከቦች በወሽመጡ ውስጥ እንደ ግማሽ ጨረቃ ተሰልፈው መልሕቅ ጥለዋል። ጥቅምት 20 ቀን 1827 ከሰዓት በኋላ ተኩስ ተከፈተ። ሁለቱም ወገን መልሕቁን ጥሎ ቆሞ ነው በመድፍ የተደባደበው። ጀንበር እስክትጠልቅ አብዛኛው የኦቶማንና የግብፅ መርከብ ተቃጥሎ ወይም ተሰባብሮ ነበር፤ ከሦስቱ መንግሥታት ግን አንድም መርከብ አልሰጠመም። መሸሻ አልነበረም። በሸራ ብቻ በሚሄዱ መርከቦች የተደረገ የመጨረሻው ታላቅ የባሕር ውጊያ ይህ ነው፤ የግሪክ ነፃነትም መንገዱ የተጠረገው ያን ዕለት ነው።

ይህ ኢብራሂም ፓሻ ማን መሰላችሁ? የኸዲቭ እስማኤል አባት ነው። ኢትዮጵያን ለመያዝ ጦር ልኮ በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ደግሞ ጉራዕ ላይ በአፄ ዮሐንስ ሠራዊት የተሸነፈው እስማኤል። አባት በናቫሪኖ መርከቦቹን፣ ልጅ በመረብ ማዶ ወታደሮቹን አጣ። በትምህርት ቤት ጉንደትንና ጉራዕን ስንማር የቤተሰቡን ታሪክ ከሥሩ ብንማር ደስ ባለኝ።

ወሽመጡን ራሱን የጎዳው ትልቁ አደጋ ግን የሰላም ጊዜ አደጋ ነው። የካቲት 23 ቀን 1980 አይሪንስ ሴሬናድ የተባለች ነዳጅ ጫኝ መርከብ እዚህ ፈንድታ ተቃጠለች፤ ሰጠመችም። የጫነችው 100,000 ቶን ገደማ ድፍድፍ ነዳጅ ነበር። ከፊሉ ነደደ፣ የቀረው ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። ማዕበልን የምትከለክለው ደሴት ዘይቱንም ከለከለችው፤ እዚያው አስቀረችው። በዓለም ካየናቸው ታላላቅ የነዳጅ ፍሳሾች ጋር የሚቆጠር ነው፤ ሆኖም የጦርነቱ ሐውልቶች በየደሴቱ ሲቆሙ ይህኛውን የሚያነሳው ጥቂት ሰው ነው።

እኔ ናቫሪኖን የምወደው ግን በሰሜን ጫፉ ባለው ነገር ነው። ጂያሎቫ ይባላል፤ ከወሽመጡ በአሸዋ ግድብ የተለየ፣ ጥልቀቱ አንድ ሜትር የማይሞላ ሰፊ ረግረግ። ከአፍሪካ ሜዲትራኒያንን ተሻግረው ለሚመጡ ወፎች ከመጀመሪያዎቹ ማረፊያዎች አንዱ ነው፤ ከ270 በላይ ዝርያዎች ተመዝግበውበታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የአፍሪካ እስስት አለ። ከሳህል እስከ ቀይ ባሕር ያለው ምድር አገሩ ነው፤ በአውሮፓ ግን ከጂያሎቫ በቀር አይታወቅም። በጥንት ዘመን ሰዎች በመርከብ አምጥተውት ይሆናል ብለው ተመራማሪዎች ይገምታሉ። እንስቷ በበጋው ማብቂያ ወደ አሸዋው ወርዳ ጉድጓድ ትቆፍርና እንቁላሏን ትቀብራለች። እንቁላሎቹ እስኪፈለፈሉ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል።

ይህን ልብ በሉት። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል፣ በአሸዋው ውስጥ የማይታይ ሕይወት አለ። አንድ መኪና ለመዋኘት የመጡ ሰዎችን ይዞ አሸዋው ላይ ቢወጣ ጎጆው አለቀለት። ቀበሮና ውሻም ቆፍረው ይበላሉ። ስለዚህ ጥበቃው ምንም የረቀቀ ነገር የለውም፦ ጎጆውን ፈልጎ በሽቦ መረብ መሸፈንና መኪናን ከአሸዋው ማራቅ። ከባዱ ሥራ የውሃው ነው። በ1950ዎቹ ረግረጉን አድርቆ እርሻ ለማድረግ ተሞክሮ ወደ እሱ የሚገቡት ጅረቶች አቅጣጫቸው ተቀየረ። ማድረቁ ሙሉ በሙሉ አልተሳካም፤ ጅረቶቹ ግን ቀሩበት። ያለ ጅረት ውሃ በበጋ ፀሐይ ጨው ይበረታል፣ ዓሣውና ሸምበቆው ይጎዳል፣ ወፎቹም የሚበሉት ያንሳል። አካባቢው ዛሬ ናቱራ 2000 በሚባለው የአውሮፓ የጥበቃ መረብ ውስጥ ነው፤ በ2010 የተቋቋመው የናቫሪኖ የአካባቢ ምርምር ማዕከልም የውሃውን ነገር ያጠናል። ያው ውሃ ግን ለወይራ እርሻውም፣ ለሆቴሎቹም፣ ለጎልፍ ሜዳዎቹም ይፈለጋል። በእኔ እምነት ረግረጉ ድርሻውን አስቀድሞ ማግኘት አለበት፤ ገበሬውና ሆቴሉ ሌላ ውሃ ሊፈልጉ ይችላሉ፣ እሱ ግን ከእነዚያ ጅረቶች ሌላ የለውም።