በተምጫ ወንዝ ዳር ሁለት ሌሊት

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ መንገደኛ ደምበጫን የሚያውቃት በመኪናው መስኮት ነው። የቆርቆሮ ጣሪያዋንና ዙሪያዋን የከበበውን እርሻ አየት አድርጎ ወደ ፍኖተ ሰላም ያልፋል። ከአውራ ጐዳናው ወርዶ በእግሩ የሚሄድ ግን ተምጫን ያገኛል። ተምጫ ከጮቄ ተራራ መንጭቶ፣ ከብር ወንዝ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ዓባይ የሚወርድ ወንዝ ነው።

እኛም በጥር ወር፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ዐሥራ ሁለት ተማሪዎች አስከትለን በዚሁ ወንዝ ዳር ሁለት ሌሊት አደርን። ስንቃችን ዳቦና ቆሎ፣ ቤታችንም የተዋስነው የሸራ ድንኳን ነበር። የአገሩ ሰዎች መንገድ ቀያሾች መስለናቸው መሬታቸው በየት በኩል እንደሚነካ አጥብቀው ጠየቁን፤ አስተማሪና ተማሪዎች መሆናችንን ለማስረዳት ጥቂት ጊዜ ፈጀብን።

ልጆቹን ከሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኛቸው ሸርጣን ማጥመድ ነው። ሸርጣን ቀን ቀን ከድንጋይ ሥር ተሸሽጎ ውሎ ሲመሽ ለምግቡ ይወጣል። ከእረኞቹ አንዱ እንዳሳየን፣ የበግ ሳንባ ቁራጭ በክር አስረው፣ ክሩን በዘንግ ጫፍ አንጠልጥለው ጸጥ ወዳለው ውኃ ያወርዱታል። ሸርጣኑ በመቆንጠጫው ሲይዘው ቀስ ብሎ መሳብ ነው፤ የቸኰለ ባዶ ክር ያወጣል። ሲይዙትም ከበስተ ኋላው፣ በጀርባው ላይ ነው እንጂ በፊት ለፊቱ አይደለም። ይህን ምክር ያልሰማ አንድ ተማሪ ጩኸቱ ማዶ ያሉትን ውሾች ሁሉ አስጮኸ።

በዚያ ሌሊት ከተያዙት አንዲቱን በባትሪ መብራት ገልብጠን ብናያት፣ ከሆዷ በታች በታጠፈው ክዳን ውስጥ እንደ ምስር ፍሬ የሚያህሉ ልጆች ታቅፋ ተገኘች። የባሕር ሸርጣን ልጆች ተፈልፍለው ብዙ ጊዜ መልካቸውን እየለወጡ በውኃ ላይ ሲንሳፈፉ ያድጋሉ፤ የወንዝ ሸርጣን ግን ሙሉ መልክ ይዞ ይፈለፈላል፤ እናቲቱም ለጥቂት ጊዜ ተሸክማው ትኖራለች። ልጆቹ ማንም ሳያዛቸው ወደ ውኃው መለሷት።

ቅርፊትና ክንፍ የሌለውን የውኃ ፍጥረት ስለማንበላ፣ የቀሩትንም ቈጥረን ለቀቅናቸው። በአውስትራልያ በረሓማ አገር ግን ቤተ ሰቦች በኩሬ ዳር ድንኳን ተክለው ያቢ የተባለውን የወንዝ ክሬይፊሽ በዚሁ በሥጋና በክር ዘዴ አጥምደው፣ ቀቅለው ይበሉታል። «ይህስ በእኛ ወንዝ አለን?» ብለው ተማሪዎቹ ጠየቁን። የለም፤ ከማዳጋስካር ደሴት በቀር በአፍሪካ ምድር የተፈጠረ ክሬይፊሽ የለም። ወደ ኬንያው ናይቫሻ ሐይቅ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1970 የአሜሪካው ቀይ ክሬይፊሽ ተወስዶ ቢጨመር፣ ተራብቶ በሐይቁ ውስጥ ያለውን ተክል እጅግ ጐዳው።

በማግስቱ ወንዙን ተከትለን ወደ ላይ ስንወጣ፣ በአንድ ጥልቅ ገንዳ ዳር ነጭ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ ያዞሩ ዓሦች አየን። ትልልቆቹ ተለቅመው ተወስደዋል፤ የቀሩት ከጣት የማይበልጡ ነበሩ። ሸርጣኖቹ በጠራራ ፀሐይ ወጥተው ሬሳውን ይበሉ ነበር። በድንጋዩ ላይ የተወቀጠ የብርብራ ፍሬ ድቃቂ ቀርቷል።

ብርብራ በአገራችን ብቻ የሚበቅል ዛፍ ነው፤ ለቡና ጥላ ይሆናል፤ ንብም ይወደዋል። በፍሬው ውስጥ ያለው መርዝ ግን የዓሣውን አካል በአየር እንዳይጠቀም ስለሚከለክለው፣ ዓሣው በውኃ ውስጥ ሳለ ታፍኖ ይሞታል። መንጠቆ አንድ በአንድ ያወጣል፤ ሰፊ ዐይን ያለው መረብም ታናሹን ያሳልፋል፤ ብርብራ ግን ገንዳውን በሙሉ ይፈጃል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 315/1995 በመርዝ ማጥመድን ከልክሏል። ይሁን እንጂ አዋጁ የታተመበት ወረቀት እስከዚያ ገንዳ አልደረሰም።

ጣናም ከዚህ አላመለጠም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1991 እስከ 2001 ድረስ፣ በክረምት ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች የሚወጣው ነጭ ዓሣ በሦስት አራተኛ ያህል እንደ ቀነሰ ሊቃውንት መዝግበዋል። ዋናው ምክንያት በየወንዙ አፍ የሚዘረጋው መረብ ነው፤ ብርብራም አብሮ ተጠቅሷል።

በገንዳው አጠገብ የሚያርሱ አንድ ሽማግሌ ስንጠይቃቸው አልሸሸጉንም። «መምህር፣ መረብ በገንዘብ ነው፤ ብርብራው ከዛፉ ሥር በነጻ ይለቀማል። ልጆቹ ሸጠው ደብተር ይገዙበታል» አሉን። ይህን የሰማ አስተማሪ ምን ይመልሳል? «ከብቶቹስ ከዚህ ይጠጣሉን?» ብንላቸው፣ «በዚያን ቀን ወደ ላይ እንነዳቸዋለን» ብለው ዝም አሉ። ጥቂት ቈይተውም፣ በልጅነታቸው ከዚህ ገንዳ ክንድ የሚያህል ዓሣ ይወጣ እንደ ነበር፣ አሁን ግን ልጆቹ የሚሸጡት በእፍኝ እየተለካ መሆኑን ነገሩን።

ከዚያ በኋላ የወሬው ባለቤት ተማሪዎቹ ሆኑ። ከመካከላቸው የአንዱ አጐት በቡሬ መንጠቆና ናይለን ክር እንደሚሸጥ ተናገረ፤ የዐሥሩ ዋጋ ከአንድ ደብተር ይበልጥ ወይም ያንስ እንደ ሆነ እዚያው ሲከራከሩ አመሹ። ሽማግሌውም፣ በክረምት ጐርፉ ሲመጣ ዓሣ ከብር ወንዝ ወደ ላይ እንደሚወጣ ነግረውናልና፣ ውኃው በሚጠራበት በኅዳር ወር መንጠቆ ይዘን ወደዚያው ገንዳ ልንመለስ ከእርሳቸው ጋር ተቀጣጥረናል።