ዓባይ ከባሕር የሚገናኝበት ከተማ

ከጉና ተራራ የሚመነጩት ርብና ጉማራ ወደ ጣና ይገባሉ፤ ከጣናም ዓባይ ይወጣል። ዓባይ ማደሪያ የለውም ይባላል፤ መድረሻ ግን አለው። በካርቱም ከነጭ ዓባይ ጋራ ተባብሮ በረሓውን ያቋርጣል፤ በግብፅም ከሁለቱ ክንዶቹ አንዱ ራስ ኤል በር በሚባል ከተማ አጠገብ ከሜዲቴራንያን ባሕር ጋራ ይገናኛል።

በጉና ዝናም በሚበረታበት በክረምት፥ በግብፅ ሙቀት ይጸናል። ያን ጊዜ ብዙ ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው ነፋሻ ወደ ሆነው ወደዚህ ከተማ ይመጣሉ። ቀድሞ በየዓመቱ የሸንበቆ ጎጆ እየሠሩ ይቀመጡ ነበር። ሲመሽም በዳርቻው ቆመው ጣፋጩ ውኃ ከጨዋማው ጋራ ሲቀላቀል ያያሉ።

የቆሙበት ምድር ግን አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ ታጥቦ የወረደ አፈር ነው። የአስዋን ታላቅ ግድብ በ1962 ዓ.ም. ከተፈጸመ ወዲህ አፈሩ ከግድቡ አያልፍም፤ ባሕሩም ዳርቻውን አብዝቶ ይበላል። ስለዚህ ሰዎቹ በባሕሩ ውስጥ ድንጋይ ከምረው ምድራቸውን ይጠብቃሉ።

ልጆች ሆይ፥ ጎርፍ ያመጣላቸውን አፈር እነርሱ እንዲህ ከጠበቁ፥ የደጋው ገበሬ የአባቱን መሬት እንዴት ለጎርፍ ይተዋል? ውኃው ይሂድ፥ መንገዱ ነው። አፈሩ ግን በእርከን ይያዝ፤ የወረደ አፈር ተመልሶ ጉናን አይወጣምና።